የፈለቀች በግ

ሐይቅ፣ ወሎ
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር፣ ከሱቄ ጋር አንድ ግድግዳ ለምትጋራው ለፈለቀች

ሰላም ላንቺ ይሁን። የሊና ትኩሳት እንዴት ሆነ? የልጅ ልጅሽ ትኩሳት አንቺ አውቶቡስ ላይ ስትወጪ ጀምሮ ቤትሽ ስትደርሺ የለቀቀ ዓይነት ከሆነ ሐኪም አያስፈልገውም። ሐኪም ስል እንዳትከፊ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ይሉታል እንዳትዪ። የእኔ ስልክ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ በዓይንሽ አይተሻል። በአክስቴ ስልክ ደወልኩልሽ፤ ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። ደግሜ ስደውል ልጅሽ ማኅደር አነሳችና «እማዬ ሱቅ ናት» አለችኝ፤ አንቺ ከኋላዋ ስታስነጥሺ እየሰማሁ። ስለዚህ ኑሪን አስቸገርኩት። እሱ እንደሆነ አውቶቡሱን ይዞ በዚህ ሳያልፍ አይሰነብትም፤ የአያት ልጅ ስለሆነ ሱቅሽንም ያውቀዋል። መልስሽን ለእሱ ስጪው።

መልስ ብቻ ሳይሆን ገመድም ስጪው። አንቺ በሄድሽ ማግሥት የመጣንባት መኪናዬ፣ የቮልሷ የፍሪሲዮን ገመድ ተበጠሰ። እዚህ ያለው መካኒክ ዞሮ ዞሮ ተመለከታትና «የቮልስ ዕቃ ከአዲስ አበባ በቀር አይገኝም፤ እሷ ራሷ ቅርስ ናት» አለኝ። ሰፈራችን ያለው መለዋወጫ ሻጩ ኢዮስያስ አያጣውም።

ደግሞስ ያልጨረስነው መንገድ አለን እኮ። ሊና ትምህርት ቤት «ከቤተሰባችሁ ጋር ያያችሁትን ቅርስ ጻፉ» ስትባል አንቺ አንበሳ ግቢ አልሻት፤ እኔ ዝም አልኩ፤ እሱንም አላየሁትም። ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ሕፃን ፊት አፍረን ነው ሱቃችንን ለማኅደር ትተን የወጣነው። አንድ ከአንቺ፣ አንድ ከእኔ ተባባልን። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን አንቺ ትገቢያለሽ፣ መስጊድ ሲሆን እኔ እገባለሁ፤ የቀረችው በር ላይ ጫማ ትጠብቃለች። ወላሂ በሕይወቴ ጫማሽን እንደዚህ ጉዞ አተኩሬ አይቼው አላውቅም። ተረከዙ አልቋል፤ አሳድሺው።

የሐይቁ ዳር ገዳም ላይ የሆንሽውን ሳስታውስ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ከአያት ጀምረሽ «ገዳሙን ሳልሳለምማ አልመለስም» ስትዪ መጥተሽ፣ አባ በሩ ላይ «እናቴ፣ ሴት አይገባም» ሲሉሽ ዞረሽ ያየሽው እኔን ነው፤ እኔ የከለከልኩሽ ይመስል። ያን ቀን ሁለታችንም ጫማችንን አድርገን ጫማ ስንጠብቅ ዋልን። ስልኬም ሐይቅ የገባው በሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አክስቴ ሀጀር እራት አቀረበች፤ ሥጋ ነበር። እኔ መግሪብ ሰግጄ ስወጣ «ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» ስትዪ ደረስኩ። አክስቴም «አብሽሪ ልጄ» ብላ ድስቱን አነሳችና እርጎ ሰጠችሽ። በማግሥቱ ከተማውን ልይ ብለሽ ወጣሽ። መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት ውስጥ ጥብስ ፊትሽ ቀርቦ፣ ከጎንሽ ያለው ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ኪዱ ተቀምጠው አገኙሽ፤ ማታ አክስቴ ቤት የተዋወቅሻቸው ሽማግሌ። «ሐኪሙ ፈቀደልሽ እንዴ ልጄ?» አሉሽ። አሽሙር አልነበረም። ጥሩ ሰው ናቸው፤ የምር ደስ ብሏቸው ነው የጠየቁሽ። አንቺ ግን ከዚያ ወዲያ ሊናን አተኮሳት ብለሽ አክስቴን እንኳ በደንብ ሳትሰናበቺ ሄድሽ።

አልተቀየምኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ተቀይሜያለሁ። ያን ማታ «ምን በሽታ ነው የደበቀችኝ» እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥብስ ስትበላ ተገኘች ሲሉኝ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ የተናደድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህች ያሳደገችኝ አክስት ናት። ስለ አንቺ ከእህት በላይ አድርጌ አውርቼላታለሁ። እሷን እንዲህ ጥለሻት ከቀረሽ፣ አያት ስመለስ ምን ሆነን ነው የምንቀመጠው? ጎረቤት? ጎረቤትማ ፊት ለፊታችን ያለው ሲም ካርድ ሻጩም ጎረቤት ነው።

ዘሃራ

---

አያት፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘሃራ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማማ ሀጀር ጉልበታቸው እንዴት አደረጋቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከደህና ትንሽ ዝቅ ያልኩ። ሊና ድናለች። ከዚህ በላይ ስለ ሊና አትጠይቂኝ።

ስልኩን የዘጋሁት ድምፅሽን ስሰማ ዕንባዬ ስለመጣ ነው። ደግሞ በስልክ ጥሩ ሰው አይደለሁም፤ በርበሬ ከሚያመጡልኝ ነጋዴዎች ጋር እንኳ የምጣላው በስልክ ነው። በወረቀት ሲሆን ሰው ሳይመልስልኝ እጨርሳለሁ።

ገመዱን ከኢዮስያስ ወስጄ ለኑሪ ሰጥቼዋለሁ። ኢዮስያስ «አሮጊቷ እንዴት ናት?» ሲለኝ አንቺን መስሎኝ ልሰድበው ስል ቮልሷን ማለቱ ሆነ።

ሱቅሽ ደህና ነው፤ ከማኅደር ተረክቤ እኔ ነኝ የምከፍተው። ማኅደር አትላስ አካባቢ ከምትሠራበት ሆቴል እየወጣች ሁለት ሱቅ መጠበቅ ሰልችቷት ነበር። ሂጃብ ሸጬልሻለሁ። ገዢዋ ወጣት ናት፣ አዲስ የወጣውን አስተሳሰር አሳዪኝ ብትለኝ ዩቲዩብ ከፍተን አብረን አየን። መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ሞከረችው። ሲም ካርድ ሻጩ አይቶኝ «ሐጂ ፈለቀች» ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበው።

ምሳ ላይ ከሱቆቹ ጀርባ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሽሮ ነበር። ለመሆኑ እኔና አንቺ ስንት ዘመን ሽሮ በላን? በጾሙም በፍስኩም፣ በኢድ ማግሥት፣ በፋሲካ ማግሥት። ሥጋ ላይ ስንደርስ ትሪው ለሁለት ስለሚከፈል፣ ከአንድ ትሪ ለመብላት ብለን። ዛሬ ብቻዬን ስበላው ሽሮ እንደማልወድ ገባኝ።

ስለዚያ ማታ የጠየቅሽኝን አልመልስም። እማማ ሀጀርን ይቅርታ በይልኝ፤ አንቺው በይልኝ፣ እኔ አልችልም። ምክንያቴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእስላም ሥጋ ክርስቲያን እንደማይበላ ለወሎ ሰው አይነገርም። ግን እንደ ልጃቸው ተቀብለውኝ፣ እግሬን ለማጠብ ውኃ አሙቀውልኝ፣ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ልበላቸው? አፌ እንቢ አለኝ። ጽጌን እጾማለሁ ማለት ይቀል ነበር፤ በጾም መዋሸት ፈራሁ። በሐኪም ዋሸሁ። በማግሥቱ ደግሞ ራበኝ። ይኸው ነው። አልመልስም ብዬ መለስኩልሽ።

ገመዱን አስገጥመሽ ቀስ ብለሽ ነይ። ጣርማበር ላይ እንደኔ የሚጮኽብሽ ስለሌለ ራስሽ ጩኺና ቀስ በይ።

ፈለቀች

---

ሐይቅ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፈለቀች

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ደህና ነን።

የላክሽው ገመድ ልክ አይደለም። የእጅ ፍሬን ነው መሰለኝ። ለኢዮስያስ ምን ብለሽ እንደነገርሽው እንጃ። የመጣው መጣ፣ ሌላ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።

ትናንት ብቻዬን አንድ የጥንት መስጊድ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ብታዪው «ይህን ያነጸ እጅ» እያልሽ ትዳብሽው ነበር። ስወጣ ጫማዬ የለም። ጫማ ጠባቂ ጥሎኝ አዲስ አበባ ከገባ ምን ይጠበቃል? ይህን የምጽፍልሽ የአክስቴን ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደብዳቤሽን ሳነብ ተቀምጬ ነበር፤ «የእስላም ሥጋ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሳሁ። ፈለቀች፣ ያን ማታ የቀረበልሽ የእስላም ሥጋ አልነበረም።

ሁለት በግ ነው የታረደው። አንዱን የአክስቴ ልጅ አብዱልናስር ለእኛ አረደው። ሁለተኛውን ጋሽ ኪዱ በስመ አብ ብለው፣ በራሳቸው ቢላዋ፣ ለአንቺ ባረኩት። ለብቻው ድስት ነበረው። ይህ ቤት ለክርስቲያን እንግዳ የሚሆን ድስትና ሳህን ለብቻው አስቀምጦ የሚኖር ቤት ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ድስት ነክቼ አክስቴ ተቆጥታኛለች። በአክስቴ ቤት ወግ ደግሞ «ይህ የአንቺ ነው» ብሎ ለእንግዳው የሚናገረው ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ቢናገር «ባልል አትበላልኝም ነበር» ማለት ይመስላል ይላሉ። የሚናገረው ያረደው ሰው ነው። ከእንግዳው ጎን ይቀመጣል፣ «እኔ ነኝ የባረክሁት» ይላል፣ ቀድሞ ይጎርሳል። እኔም ለዚህ ነው አስቀድሜ ያልነገርኩሽ። ያን ቀን ጋሽ ኪዱ ልቅሶ ቤት ሄደው ዘገዩ። ድስቱ እሳቸውን ቀድሞ ቀረበ።

ሲደርሱ አንቺን ሐኪም ከልክሏል ተባለ። ለታመመ ሰው «ያረድኩልሽ ሥጋ ቀረ» ማለት ነውር ስለሆነ ዝም አሉ። አክስቴም ልብሽ እንዳይሰበር ዝም አለች። እኔ በሽታሽን እያሰብኩ ዝም አልኩ። አንቺ ሥጋው የማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ዝም አልሽ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው እየተከባበረ በረሃብ አደረ።

አክስቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከሥጋው ግማሹን ለጋሽ ኪዱ ቤት ላከች፤ የቀረውን ዘልዝላ፣ ጨውና በርበሬ አሽታ ቋንጣ አድርጋ ሰቅላዋለች። በዚህ ቤት ውስጥ የሚበላው ሰው የለም፤ ለእኛ አይሆንም። ጠዋት ተነስታ ታገላብጠዋለች፣ ማታ ታስገባዋለች፣ ሃይማኖት የላትም እያለች ድመቷን ታባርራለች። «ለማን ነው?» ብላት «ባለቤቱ ትመጣለች» አለችኝ።

ነይ ፈለቀች። ገመዱንም ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ዘሃራ

---

አያት
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዘሃራዬ

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ደንበኛ በርበሬ አስመዝናኝ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል ሴትዮዋ «ምን ሞተብሽ?» አለችኝ። በግ ልበላት?

ያ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት በግ ነው አይደል? ጠዋት ከአጥሩ ሥር ታስሮ አይቼው ሣር ሰጥቼው ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለእኔ የታሰረውን በግ አብልቼ፣ ሲታረድልኝ ሳልበላው ቀረሁ። ብበላው ኖሮ ቢያንስ በሞቱ አልቀልድም ነበር።

ለማኅደር ነገርኳት። ሳቀች ሳቀችና «እማዬ፣ እኛ ሆቴል እኮ የመጣው እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ይሄ ምን ሥጋ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ማንም ተቀይሞ አያውቅም» አለችኝ። እዚያ እንግዳ ከፍሎ ነው የሚበላው። እኔ ግን እማማ ሀጀር እግሬን አጥበውኝ ነው የተቀመጥኩት። ይህን ለማኅደር እንዴት አድርጌ አስረዳታለሁ?

አልመጣም ዘሃራ። ብትቆጪም አልመጣም። ጥብስ ስበላ የተገኘሁባት ከተማ ነች፤ ሥጋ ቤቱ፣ ጋሽ ኪዱ፣ አውቶቡስ ተራው፣ ሁሉም ያውቀኛል። እሱም ይሁን። እማማ ሀጀር ፊት ተቀምጬ ያንን ቋንጣ ስጎርስ ይታይሻል? በአፌ ውሸቴ፣ በጉሮሮዬ ሥጋቸው። አይወርድልኝም። «ባለቤቱ ትመጣለች» የሚለውን ባልጻፍሽልኝ። ሳሊተ ምሕረት ሄጄ ለመሳለም ቆምኩና እማማ ሀጀር ድመቷን ሲያባርሯት ብቻ ነው የታየኝ፤ ጸሎቴን ሳልጨርስ ተመለስኩ።

ጎረቤት ብቻ ሆነን እንቀር ወይ ላልሽው፤ ምን እንደምመልስልሽ አላውቅም። ሱቅሽን በየጠዋቱ ስከፍት ወንበርሽን አውጥቼ ከወንበሬ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ሲመሽ አስገባዋለሁ። ከዚህ በላይ ማወቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛ ገመድ ልኬያለሁ። ኢዮስያስ «የመጀመሪያውም የፍሪሲዮን ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ብሎ ማለልኝ። እንዳላምነው አንቺ ጽፈሻል፣ እንዳላምንሽ እሱ ምሏል። ለማንኛውም ልኬዋለሁ።

ፈለቀች

---

ሐይቅ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈለቀች

ኢዮስያስን ይቅርታ ጠይቂልኝ። የመጀመሪያው ገመድ ልክ ነበር። በመጣበት ቀን ነው የተገጠመው፤ ቮልሷ እስካሁን አክስቴን ሁለት ጊዜ ገበያ አድርሳለች። ገመድ ይዘሽ ትመጪ እንደሆን ብዬ ነው የዋሸሁሽ። አንቺ በሐኪም ዋሸሽ፣ እኔ በመካኒክ። ተቻችለናል።

ደብዳቤሽን ለአክስቴ አነበብኩላት። ተይ እንዳትዪኝ፤ ከእሷ ደብቄ የትም አላደርሰውም። የከነከናት እኔ የጠበቅሁት ቦታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ሽሮው ያለውን ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት።

«ልጆች እስክትድሩ ድረስ ሽሮ በላችሁ?»

«አዎ» አልኳት።

«እሷ ሥጋ እየወደደች?»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስትኖሩ አንዲት ተጨማሪ ድስት መግዛት አቃታችሁ?»

እኔና አንቺ እኮ ሽሮውን እንደ ትልቅ ነገር ነበር የምናየው። እሷ ደግሞ ሁለት ድስት አንድ መሶብ ላይ አቅርባ ስታበላ ኖራ፣ የእኛን ስትሰማ ስስት መሰላት። ቅርስ እናያለን ብለን በየበሩ ጫማ ስንጠብቅ ከርመን፣ ያን ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ድስት ግን ሁለታችንም አላየነውም። እኔ እዚሁ ቤት አድጌ ረሳሁት። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

አሁን ደንግጪ። አንቺ አልመጣም ካልሽ እሷ ትመጣለች። ይህች ሴት ከደሴ ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ አሁን ግን «መኪናው ይሄዳል አይደል?» አለችና ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች። አብዱልናስር ጉልበትሽ አይችልም ቢላት «መኪናውን የሚነዳው ጉልበቴ አይደለም» አለችው። ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ቋንጣውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ጭኗ ላይ ትይዘዋለች፤ እዚያ ከኋላ ይቀመጥ ብላት «የሰው አደራ ነው» አለችኝ። ጋሽ ኪዱ መምጣት ስለማይችሉ ቆንጥረው ቀምሰው «እኔ ነኝ የባረክሁት» ብለው ልከውልሻል፤ ወጉ እንዳይጎድል።

ቅዳሜ ንጋት ላይ እንነሳለን። በእኔ አነዳድ ቅዳሜን ደብረ ብርሃን አድረን እሑድ አያት እንገባለን ኢንሻአላህ። የት እንደምትሸሺ አላውቅም፤ ባቡሩም አያት ላይ ያልቃል።

ዘሃራ

---

አያት
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ መንገድ ላይ ላለችው ለዘሃራ

ይህን ኑሪ ነው የሚሰጥሽ። ቮልሷን መንገድ ላይ ሲያይ ጥሩምባ ነፍቶ እንዲያስቆማችሁ ነግሬዋለሁ። ደንግጠሽ ገደል እንዳትገቢ።

መጀመሪያ ልሸሽ ነበር። እውነቴን ነው። ቡታጅራ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ሻንጣ አወጣሁ። ሊና መጥታ «እቴቴ፣ ቅርስ ልታዪ ነው?» አለችኝ። ሻንጣውን መለስኩት።

ከዚያ ሾላ ሄጄ ድስት ገዛሁ። ሰፊ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ማንም ያልበላበት። በግም ገዛሁ፤ ሣር አልሰጠሁትም፣ ዓይኑንም አላየሁም። ሳሊተ ምሕረት መታጠፊያ ላይ ያለውን የእስላም ሥጋ ቤት ታውቂው የለ? ባለቤቱ ሐሩን መጥቶ ያርድልኛል። የእማማ ሀጀርን ቤት ወግ ነገርኩትና «አርደህ ብቻ አትሄድም፤ ከጎናቸው ተቀምጠህ እኔ ነኝ ያረድኩት ብለህ ቀድመህ ትጎርሳለህ» አልኩት። «ለመብላት ለምኖኝ የሚያውቅ ደንበኛ የለም» አለና እሺ አለኝ። እዚህ ቤትም እኔና ማኅደር የማንቀምሰው ወጥ ይሠራል ማለት ነው። ጨውን እንኳ የሚቀምስልኝ ሐሩን ነው። ማኅደር ሆቴሏ ወስዳ ቡፌ ልታበላን ፈልጋ ነበር፤ አይሆንም አልኳት።

ዝግጅቱ ይህን ያህል ነው። ፍርሃቴ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ከመድረሳችሁ በፊት ይህን ለእማማ ሀጀር አንብቢላቸው። አንቺ አትጨምሪበት፣ አትቀንሺለት።

እማማ ሀጀር፤ ሐኪም የሚባል የለም። ጤነኛ ነኝ። እኔን ያስዋሸኝ ንቀት አይደለም፤ ድስትዎንም አልተጸየፍኩም። የደረስኩ ዕለት ራስዎ ውኃ ይዘው ወጥተው እግሬን ሲያጥቡኝ «ልጄ» አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ ሥጋው ቀረበ። ልጅ ሆኜ እንዴት «ሥጋችሁ ለእኔ አይሆንም» እላለሁ? ያንን ብናገር እንግዳ የምሆን መሰለኝ፤ ልጅነቱ ከእጄ የሚወጣ መሰለኝ። ለአንድ ማታ እንኳ ልቆይበት ብዬ ነው የዋሸሁት። ይቅር ካሉኝ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ካላሉኝም በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

የእርስዎ ፈለቀች

---

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፈለቀች፣ የንጋቱ አውቶቡስ ከቮልሷ ስለሚቀድም ይህ ደብዳቤ ከእኛ በፊት ይደርስሻል።

ኑሪ ያስቆመን ሸዋ ሮቢት ጋ ነው። ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ አክስቴ ግን ከጥላው ገብተን እዚያው ካላነበብሽልኝ አለች። አነበብኩላት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ቋንጣዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ «ንጂ» አለችኝ።

ጣርማበርን ስንወጣ ቃል አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ገደሉን እየፈራሁ፣ የእሷን ዝምታ እየፈራሁ፣ የቱን ይበልጥ እንደምፈራ ጠፋኝ። ደብረ ብርሃን ደርሰን፣ ብርዱን «ይሄ ነው የናንተ ሸዋ?» ብላ ሰድባ፣ ጋቢ ተከናንባ ከተቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችው። ቃሏን ሳይቀዘቅዝ እየጻፍኩልሽ ነው።

«ተገላብጦባታል» አለች። «ይሄ አይሆነኝም፣ ያኛውን አምጡልኝ እያለ ቤት የሚያምሰው ልጅ ነው። ምክንያት ፈልጎ፣ አመስግኖ፣ ተርቦ የሚተኛው እንግዳ ነው። ያን ማታ እንግዳ ነበረች። አሁን ነው ልጅ የሆነችው።»

ስለዚህ በሩ ላይ ንግግር አታዘጋጂ። ይቅርታም አትጠይቂ፤ ያ ጉዳይ ሸዋ ሮቢት ላይ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ቋንጣው ጨው በዝቶበታል። እኛ ስለማንቀምሰው አላወቅንም፤ ጋሽ ኪዱ ናቸው ስንሰናበት ጠጋ ብለው በጆሮዬ የነገሩኝ። አንቺ ደግሞ እንደማውቅሽ ዓይንሽ እያነባ «እንዴት ይጣፍጣል» ልትዪ ነው። እንዳትዪ። ስትጎርሺ ፊትሽን አኮማትሪና «እማማ፣ ጨው በዝቶበታል» በያት።

ከወሎ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛ የመጣችው ያንን ለመስማት ነው።

ዘሃራ